የሂብን ዘርቶ ማሳደግ፦ ከትኩሱ ዘር እስከ መጀመሪያው ፍሬ

በሶማሌ ክልል ዶሎ ዞን፣ በዋርዴር፣ በቦህና በገላዲ ቀይ አሸዋማ ሜዳዎች ላይ የሚበቅል አንድ ቁጥቋጦ አለ። ረጅሙ ደረቅ ወቅት አካባቢውን ቅጠል አልባ ሲያደርገው እሱ እንደ ለመለመ ይከርማል። ቢጫ አበባ ያብባል፤ ሰውም ከብትም የሚሻማበት ጣፋጭ ፍሬ ይሰጣል። ስሙ የሂብ ነው፤ የአካባቢው ሶማሌዎች ይዒብ ይሉታል። በ1907 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ የኪው እጽዋት ማዕከል ተመራማሪ ዊሊያም ቦቲንግ ሄምስሊ ኮርዶክሲያ ኤዱሊስ የሚል ሳይንሳዊ ስም ሰጠው። የመጀመሪያው ቃል በጊዜው የእንግሊዝ ሶማሌላንድ አስተዳዳሪ ለነበረው ለካፒቴን ኮርዶ መታሰቢያ ሲሆን፣ ሁለተኛው የሚበላ ማለት ነው።

የሂብ በዓለም ላይ በተፈጥሮ የሚገኘው በምሥራቅ ኢትዮጵያና በማዕከላዊ ሶማሊያ ተጎራባች ቆላዎች ብቻ ነው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ለመጥፋት ከተጋለጡ ዝርያዎች ተርታ መዝግቦታል። ምክንያቱን ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። በድርቅ ዘመን ፍሬው ተለቅሞ ያልቃል፤ ከለቃሚ ተርፎ የበቀለውን ፍየልና ግመል ይግጡታል፤ ያረጀው ደግሞ ለማገዶና ለአጥር ይቆረጣል። የከፋ ረሃብ የመጣበት ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን እህል እንደሚበላው፣ እዚህም በየዓመቱ የሚበላው የነገው ቁጥቋጦ ነው።

ይህ መመሪያ የተጻፈው በምሥራቁ ቆላ ለሚኖሩ ከፊል አርብቶ አደሮች፣ ለልማት ሠራተኞች፣ ለችግኝ ጣቢያ ባለሙያዎች፣ ለትምህርት ቤት የአካባቢ ክበባትና ለተማሪዎች ነው። ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሁለት ነገሮችን ማወቅ ግን ግድ ነው። አንደኛ፣ የየሂብ ዘር ቶሎ ይሞታል። ሁለተኛ፣ ዋናው ሥሩ ሲነካ ይቀየማል። ከዚህ በታች የተዘረዘረው እርምጃ ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ የመነጨ ነው።

1. መሬትዎ ለየሂብ የሚሆን መሆኑን ይፈትሹ

የሂብ የቆላ ተክል ነው። የተፈጥሮ መኖሪያው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,000 ሜትር በታች ያለ፣ በዓመት ከ100 እስከ 400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚያገኝ ስፍራ ነው። ውርጭ ይገድለዋል። ስለዚህ ደጋ ላይ ላለ ግቢዎ ጌጥ ይሆነኛል ብለው አይድከሙ፤ ዘሩን ለሚያፈራበት አገር ይተዉለት። የዝናቡ መጠንና ከፍታው ከዚህ ትንሽ በሚያልፍበት ቦታ ላይ ያሉ ደግሞ ሥራውን በጥቂት ዘሮች ሙከራ ይጀምሩ።

አፈሩን ለማወቅ አንድ ሜትር የሚደርስ ጉድጓድ ይቆፍሩ። የሚፈለገው ልል፣ ጥልቅ፣ ቀይ ወይም ቀላ ያለ አሸዋማ አፈር ነው። ከታች የድንጋይ ንጣፍ ወይም የጠጠረ ኖራማ ድርብርብ ካጋጠመዎት ሌላ ቦታ ይፈልጉ፤ የደረሰ የሂብ ዋና ሥር እስከ 3 ሜትር ሊወርድ ስለሚችል መንገዱ ሊዘጋበት አይገባም። ቀጥሎ ጉድጓዱን ውሃ ይሙሉትና ይተዉት። ውሃው ሳይሰርግ ካደረ መሬቱ ለየሂብ አይሆንም። የጎርፍ መተኛ የሆነ ረባዳ ቦታ፣ ጥቁር መረሬና ጨዋማ አፈርም እንዲሁ ይቅርብዎ። አፈሩ ድሃ ነው ብለው ግን አይጨነቁ፤ ተክሉ የኖረው በድሃ አፈር ላይ ነው።

2. ከመዝራትዎ በፊት ያለውን ይከልሉ

በአካባቢዎ አሮጌ የሂብ ካለ የመጀመሪያው ሥራ እሱን መጠበቅ ነው። የተቆረጠ ግንድ ሥሩ እስካለ ድረስ ያቆጠቁጣል፤ ጥልቅ ሥር ያለው አንድ አሮጌ ጉቶ ከብዙ አዳዲስ ችግኞች ይልቅ ለድርቅ ዝግጁ ነው። ጥቂት ቁጥቋጦዎች የሚገኙበትን ቁራሽ መሬት ከአካባቢው የጎሳ ሽማግሌዎችና ከቀበሌው ጋር ተነጋግረው ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ያድርጉት። ስምምነቱ ማን እንደሚጠብቅ፣ ከብት ከገባ ምን እንደሚደረግ፣ ፍሬውን ማን መቼ እንደሚለቅም የሚለይ ይሁን። በግጦሽ ላይ የሚኖር ሰው ሳይስማማ የታጠረ አጥር በመጀመሪያው የድርቅ ወር ይፈርሳል።

ከዚያ ከእናት ቁጥቋጦዎቹ ሥርና ዙሪያ ጎንበስ ብለው ቡቃያ ይፈልጉ። ያገኙትን እያንዳንዱን ቡቃያ በእሾህ ቅርንጫፍ ይክበቡት፤ በአጠገቡም እንጨት ተክለው ምልክት ያድርጉ። ነቅለው ወደ ሌላ ቦታ አይውሰዱት። ጣት በማታህል ቡቃያ ሥር የተደበቀው ሥር ከላይ ከሚታየው እጅግ ይረዝማል፤ ሲነቀልም ይበጠሳል።

3. ዘሩን በትክክለኛው ጊዜና በልኩ ይልቀሙ

የሂብ ብዙ ያብባል፤ ከአበባው ግን ፍሬ የሚሆነው ጥቂቱ ነው። የተፀነሰው ትንሽ ቆባ ዝናብ እስኪጥል በጭንቁ ወቅት ሳያድግ ይቆያል፤ ዝናቡ ሲመጣ ደግሞ በአጭር ጊዜ ውስጥ ሞልቶ ይበስላል። ይህ ለዘሪው ትልቅ ዕድል ነው፤ ዘሩ የሚደርሰው መሬቱ ርጥብ በሆነበት ወቅት ላይ ነውና።

የበሰለ ቆባ ደርቆ ይጠነክራል፤ ጫፉም እንደ ምንቃር የጎበጠ ነው። በውስጡ ብዙውን ጊዜ አንድ፣ አልፎ አልፎ ከዚያ በላይ ፍሬ ይገኛል። ሲለቅሙ የሚከተለውን ልብ ይበሉ።

ከአንድ ቁጥቋጦ ብቻ አይውሰዱ፤ ተራርቀው ከቆሙ ብዙ ቁጥቋጦዎች ጥቂት ጥቂት ይልቀሙ። ልዩነት ያለው ዘር ለበሽታና ለድርቅ የተሻለ መልስ አለው።

ከእያንዳንዱ ቁጥቋጦ ሥር የወደቀ ፍሬ ይተዉ። ለራሱ የሚዘራው እሱ ነው።

ለዘር የሚሆነውን ከሚበላው ይለዩ። ነቀዝ እንዳይበላው ተብሎ የተቆላ ወይም የተቀቀለ ፍሬ ሞቷል፤ አይበቅልም። ከገበያ የሚገዙ ከሆነ ሻጯን እሳት ነክቶት እንደሆነ ይጠይቋት።

ዘሩን ለምርምር ወይም ከአገር ለማውጣት ካሰቡ የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ፈቃድ ያስቀድሙ። የጄኔቲክ ሀብትን የማግኘትና የማኅበረሰብ መብትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ይህን ያዛል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ላለ ዘመድ፣ አገሩ ሞቃት ነው ተብሎ ዘሩን በሻንጣ መላክ ሕግ መጣስ ነው።

4. ዘሩን ፈትሸው ወዲያው ይዝሩት

ቆባውን በእጅ ከፍተው ፍሬዎቹን ያውጡ። ቀዳዳ ያለው፣ የተጨማደደ፣ ሲጫኑት የሚሰበር ፍሬ ለዘር አይሆንም። የቀረውን በውሃ በተሞላ ጣሳ ውስጥ ይጨምሩት፤ የሰመጠውን ይያዙ፣ የተንሳፈፈውን ይለዩ። የሚንሳፈፈው ብዙውን ጊዜ ነቀዝ ውስጡን የጨረሰው ነው።

የየሂብ ዘር እንደ ጤፍ ወይም እንደ ማሽላ ጎተራ ገብቶ ዓመት የሚጠብቅ አይደለም። በጥቂት ወራት ውስጥ የመብቀል ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ በለቀሙ በቀናት፣ ቢዘገይ በሳምንታት ውስጥ ይዝሩት። እስከዚያ ድረስ አየር በሚያስገባ የጨርቅ ከረጢት፣ በጥላ ሥር ያቆዩት። ፀሐይ ላይ አያስጡት፤ በፕላስቲክም ቋጥረው አያፍኑት። ጥቂት የእንጨት አመድ ቢነሰንሱበት ነቀዝን ያርቃል።

5. ቋሚ ቦታው ላይ ይዝሩት፤ ይህ ከሁሉም የተሻለው መንገድ ነው

በምሥራቁ ቆላ የሚዘራባቸው ሁለት የዝናብ ወቅቶች አሉ። ጉ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ግንቦት ያለው ሲሆን፣ ደይር ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ይዘልቃል። የመጀመሪያው በቂ ዝናብ መሬቱን ሲያርስ ይጀምሩ። መሬቱ እስኪርስ ግን ጉድጓዱን አስቀድመው ያዘጋጁ።

ጉድጓዱ በጎንና በጎን 40 ሴንቲ ሜትር፣ በጥልቀት 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን። ዓላማው ሥሩ የሚወርድበትን አፈር ማላላት ነው። ያወጡትን አፈር ሳይቀይሩ መልሰው ይሙሉት፤ ትኩስ ፍግ ወይም የኬሚካል ማዳበሪያ አይጨምሩ። ከጉድጓድ እስከ ጉድጓድ ከ3 እስከ 4 ሜትር ያራርቁ።

መሬቱ ትንሽ ዘንበል ካለ በእያንዳንዱ ጉድጓድ የታችኛው ጎን የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ዝቅተኛ የአፈር ክትር ይሥሩ፤ አፉ ወደ ላይኛው ተዳፋት ይሁን። ከላይ የሚወርደውን የዝናብ ውሃ ይዞ ወደ ሥሩ ያሰርገዋል። ዘሩ ራሱ የሚቀመጠው ውሃ ከሚተኛበት ዝቅተኛው ነጥብ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው።

በአንድ ጉድጓድ ሁለት ፍሬ፣ እርስ በርስ አንድ ስንዝር አራርቀው፣ በጎናቸው አጋድመው በ2 ወይም በ3 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይቅበሩ። አፈሩን በመዳፍዎ ጫን ያድርጉ፤ ቀስ ብለው ውሃ ያጠጡ፤ በላዩ ስስ የደረቀ ሣር ያልብሱ። አይጥና ወፍ እንዳይቆፍሩት በእሾህ ቅርንጫፍ ይሸፍኑት። ሁለቱም ቢበቅሉ ከጥቂት ወራት በኋላ ደካማውን በመቀስ ከመሬት ልክ ይቁረጡት። አይንቀሉት፤ የአንዱ መነቀል የሌላውን ሥር ያናጋል።

6. ችግኝ ማፍላት ግድ ከሆነ ረጅም መያዣ ይጠቀሙ

ዝናቡ የማያስተማምን ከሆነ ወይም ዘሩ ከሚተከልበት ቦታ ርቆ ከተገኘ በችግኝ ጣቢያ ማፍላት ይቻላል። የተለመደው አጭር የችግኝ ፕላስቲክ ግን ለየሂብ አይበቃም፤ ዋናው ሥር ከታች ደርሶ ይጠመዘዛል። ቁመቱ 35 ወይም 40 ሴንቲ ሜትር የሚሆን፣ ታቹ ክፍት የሆነ ፕላስቲክ ይጠቀሙ። ካላገኙ ሁለት አጫጭር ፕላስቲኮችን አንዱን በሌላው ላይ ቀጥለው ይሥሩ። ሦስት እጅ አሸዋ ከአንድ እጅ የአካባቢው አፈር ጋር ቀላቅለው ይሙሉ። በአንድ ፕላስቲክ አንድ ዘር ይበቃል።

ችግኞቹን መጀመሪያ ላይ ስስ ጥላ ባለው ዳስ ሥር ያኑሩ፤ ቀስ በቀስም ጥላውን አንስተው ፀሐይ ያላምዷቸው። ትልልቅ ችግኝ ለማውጣት ብለው አያቆዩዋቸው። የላዩ ቅጠል ጥቂት ቢሆንም ሥሩ ከታች ሳይወጣ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ወደ ቋሚ ቦታቸው ይሂዱ። ስለዚህ የሚያፈሉበትን ቀን ከሚመጣው የዝናብ ወቅት ወደ ኋላ ቆጥረው ይወስኑ።

ሲተክሉ ችግኙን ከግንዱ ይዘው አይሳቡ። ፕላስቲኩን ጎኑን በምላጭ ቀደው፣ አፈሩ ሳይፈርስ ወደ ጉድጓዱ ያውርዱት፤ ፕላስቲኩን ከዚያ ያውጡ። በሌሎች ችግኞች የተለመደው ሥር መቁረጥ እዚህ ፈጽሞ አይደረግም።

7. ውሃውን አልፎ አልፎ፣ ግን ወደ ጥልቅ ያጠጡ

በየቀኑ ጠብ ጠብ የሚል ውሃ ሥሩን ወደ ላይ ይጠራዋል፤ ወደ ላይ የመጣ ሥር ደግሞ በደረቁ ወቅት ይቃጠላል። ዝናብ በማይኖርበት ጊዜ ለአንድ ቡቃያ በሳምንት አንድ ጊዜ 5 ሊትር ያህል ቀስ ብሎ ማጠጣት ይበቃል፤ ባለ 20 ሊትሯ ጀሪካን አራት ቡቃያዎችን ታደርሳለች። ጠዋት ማለዳ ወይም ፀሐይ ስትጠልቅ ያጠጡ። ከመጀመሪያው የደረቅ ወቅት በኋላ በመካከል ያለውን ጊዜ ወደ ሁለት፣ ቀጥሎም ወደ ሦስት ሳምንት ያስፉ። ሁለተኛውን ዓመት ከተሻገረ ከክፉ ድርቅ በቀር በራሱ ዝናብ ይኑር። በብርካ (በውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ) ያለው ውሃ ለሰውና ለከብት በማይበቃበት አገር የሚተከለውን ቁጥር የሚወስነው የጉድጓዱ ብዛት ሳይሆን የውሃው መጠን ነው፤ ሠላሳ ጠብቆ ማሳደግ ሦስት መቶ ተክሎ ከማድረቅ ይሻላል።

8. አጥሩን ከዘሩ በፊት ያስቡት

የሂብ በደረቁ ወቅት አረንጓዴ ሆኖ መክረሙ ለእንስሳት በረከት፣ ለራሱ ግን መከራ ነው። ጂላል በሚባለው ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ጭንቅ ወቅት ፍየሉም ግመሉም ወደ እሱ ይመጣሉ። ለትንሽ ቦታ የግራር እሾህ ተከምሮ የሚሠራ ጥቅጥቅ ያለ አጥር ይበቃል። ግመል አንገቱን አሻግሮ ስለሚግጥ አጥሩን ከቡቃያዎቹ ቢያንስ ሁለት ሜትር ያርቁት። ለአጥሩ የሚሆነውን እሾህ ሲቆርጡ ከየሂብ አይቁረጡ።

አጥሩ ቢያንስ ሦስት ዓመት መቆም አለበት፤ ከዚያ በኋላም ለግጦሽ የሚከፈተው ፍሬው ከተለቀመ በኋላ፣ ለአጭር ጊዜና በተራ ቢሆን መልካም ነው። የደረሰ ቁጥቋጦ ልከኛ ግጦሽ ይችላል፤ ቡቃያ ግን አንድ ጊዜ ከተጨረገደ አይመለስም።

9. ትዕግሥቱን ይወቁበት

ብዙ ሰው የሂብን የሚተወው በመጀመሪያው ዓመት ነው። ቡቃያው ስንዝር ሳያልፍ ወራት ያልፋሉ፤ አላደገም ይባላል። እድገቱ ግን ከመሬት በታች ነው። ቅጠሉ አረንጓዴና ጠንካራ እስከሆነ ድረስ አይንኩት፤ ለመቆንጠጥም ለመግረዝም አይቸኩሉ። በዙሪያው አንድ ሜትር ያህል ከአረም ያጽዱ፤ ስሱን ጉዝጓዝ ያድሱ። ምስጥ ከበዛ ጉዝጓዙን ከግንዱ ያርቁ።

በደህና ቦታ ያለ የሂብ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ፍሬ ማሳየት ይጀምራል። የቅርንጫፎቹ ጫፍ በቢጫ አበባ ሲሸፈን ፀረ ተባይ አይርጩ፤ አበባውን የሚጎበኙትን ነፍሳት ይገድላል። አበባው ብዙ ረግፎ ጥቂት ፍሬ ቢቀርም ጠባዩ ነው።

በደብተርዎ ላይ የእያንዳንዱን ጉድጓድ ቁጥር፣ ዘሩ የተለቀመበትን ቦታ፣ የተዘራበትን ቀንና የበቀለበትን ቀን ይመዝግቡ። የትኛው እናት ቁጥቋጦ ጠንካራ ልጅ እንደሰጠ የሚያውቁት በዚህ ነው። ጅግጅጋ ያለው የክልሉ የአርብቶ አደርና ከፊል አርብቶ አደር ምርምር ኢንስቲትዩትም ሆነ ዩኒቨርሲቲው ሊያማክርዎ ሲመጣ የሚያሳዩት ነገር ይኖርዎታል።

10. ሲያፈራ አከፋፍለው ይጠቀሙበት

ፍሬው በጥሬው፣ ተቆልቶ ወይም ተቀቅሎ ይበላል። ከክብደቱ በግምት 37 በመቶ ስታርች፣ 24 በመቶ ስኳር፣ 13 በመቶ ፕሮቲንና 11 በመቶ ቅባት ነው፤ ለእረኛና ለመንገደኛ ስንቅነት ተመራጭ የሆነው በዚህ ነው። የተቀቀለበት ውሃ ጣፋጭ ስለሆነ አይደፋም። ለምግብ የሚያቆዩትን ለብ አድርጎ መቁላት ወይም መቀቀል ከነቀዝ ይጠብቃል።

ቅጠሉን ሲለቅሙ እጅዎ በቀይ ቀለም ቢበከል አይደንግጡ። በቅጠሉ የታችኛው ገጽ ያሉት ቀያይ ነጠብጣቦች ኮርዶክሲዮን የተባለ ቀለም የያዙ ናቸው፤ ጨርቅ ይቀለምበታል። ቅጠሉን አዘውትረው የሚበሉ ፍየሎች ጥርሳቸውና አጥንታቸው ሳይቀር ይቀላል። ይህም በዚያ አካባቢ ሰዎች ዘንድ የታወቀ ስለሆነ የታረደ ፍየል የት እንደተሰማራ ከአጥንቱ ይለያል።

ከለቀሙት ውስጥ ገና ቁጥቋጦው ሥር ሳሉ ሦስት ድርሻ ይለዩ፦ አንዱ ለቤት፣ አንዱ ለገበያ፣ አንዱ ለዘር። የዘሩ ድርሻ ቤት ከገባ ይቆላልና ከመስክ ሳይወጣ በዚያው ሳምንት ይቀበር።

የሂብን ለማዳን ከውጭ የሚመጣ ልዩ ቴክኖሎጂ አያስፈልግም። ትኩስ ዘር፣ ያልተነካ ሥርና ለሦስት ዓመት የቆመ አጥር ይበቁታል። በዋርዴር፣ በቦህ ወይም በገላዲ ያላችሁ ወገኖች፣ የሚቀጥለው ጉ ሲገባ ከምትለቅሙት ላይ ለመሬቱ ድርሻውን ስጡት፤ ይህን ቁጥቋጦ ከማዕከላዊ ሶማሊያ ጎረቤቶቻችሁና ከእናንተ በቀር በተፈጥሮ ርስትነት የያዘ ሌላ ሕዝብ የለም።